መጠጥ በማዕርግ፥ መጠጥ በወጥ፤ ስለ በዓል ገበታችን ታሪክ

ስለ በዓል ገበታ ሲነገር ዘወትር ቀድሞ የሚነሣው ምግቡ ነው። ዶሮው ስንት ዕንቁላል እንደ ገባበት፥ በጉ ከየትኛው ገበያ እንደ ተገዛ፥ የቅርጫው በሬ ሥቡ ይሁን ከሲታ፥ ይህ ሁሉ ይተረካል። መጠጡ ግን ለብቻው ይመሰገናል። እንግዳው «ጠጁ መልካም ነበር» ብሎ መርቆ ይወጣል እንጂ ከምን ጋራ ቀርቦ መልካም እንደ ሆነ አይጠይቅም። የቤቱ እመቤትም ሳትጠየቅ አትናገርም። ስለዚህ የትኛው መጠጥ ለየትኛው ወጥ እንደሚስማማ ያለን ዕውቀት፥ ብዙና የቆየ ሲሆን፥ እምብዛም ሳይጻፍ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ይህ ዝምታ አሁን ሊጸና አልቻለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ከዚያም ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሻገር ሰው፥ ለዘመዶቹ ከሚይዘው ስጦታ መካከል አንድ ወይም ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ መጨመር እየለመደ ሄዷል። ጠርሙሱ ከመሶቡ አጠገብ በቆመ ጊዜ «ይህስ ከምኑ ጋራ ይጠጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን በጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አናገኘውም። ጠርሙሱ የመጣው ቦታው አስቀድሞ ወደ ተያዘበት ገበታ ነውና፥ ያ ቦታ በማን፥ እንዴትና ስለ ምን እንደ ተያዘ ማወቅ ይገባል።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። የአውሮፓ ሰዎች ጠጅን ለወገኖቻቸው ማስረዳት ሲፈልጉ «የማር ወይን» ይሉታል። እኛ ደግሞ የእነርሱን መጠጥ «የወይን ጠጅ» ብለን ሰይመነዋል። ሁለቱም ወገን የሌላውን መጠጥ በራሱ መጠጥ ለክቷል ማለት ነው። በአማርኛ ጠጅ ሥሩ ሲሆን ወይን ቅጥያ ነው፤ «ጠጅ» ብቻ ሲባል የማሩ መሆኑን ማንም ያውቃል። ይህ አሰያየም የድንገት ነገር አይመስለኝም። ወይን በአገራችን ጥንታዊ እንግዳ ነው፤ ብዙ ዘመን ኖሮ ግን ቤተኛ አልሆነም።

ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መንገድ መግለጫ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ የወይን ጠጅ እንደ ነበረ፥ መጠኑም ብዙ እንዳልነበረ ይናገራል። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና ድል የነሣቸውን የቤጃ አለቆች ከሕዝባቸውና ከከብታቸው ጋራ ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍር፥ በጕዞው ላይ ሥጋና እንጀራ እንዳበላቸው፥ ጠላና የወይን ጠጅ ውሃም እስኪጠግቡ እንዳጠጣቸው በድንጋይ ላይ አስጽፏል። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ጽሑፍ ጠላውና የወይኑ ጠጅ ጎን ለጎን ተጠርተዋል። ንጉሡ ለምርኮኛ ያጠጣውን መጠጥ በዓይነቱ ቈጥሮ ማስጻፉ፥ መጠጥ የንጉሥ ክብር መግለጫ እንደ ነበረ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ወይን ከገበታ እየራቀ ሄዶ በቤተ መቅደስ ጸና። ለቅዳሴ የሚሆነው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ ሥርዐት ከጻፈ በኋላ አንድ ትልቅ ነገር ጨምሯል። ይኸውም የወይን ጠጅ በግልጥ የሚጣለው በሁለት ቤት ብቻ፥ ማለት በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደ ሆነ፥ ሌላው ሰው ቢጥል ግን በስውር እንደ ነበረ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በእንፍራዝ አጠገብ ባለችው በደሪጣ የወይን ጠጅ እንደሚሠራ፥ ይህም በአገሩ ብቸኛው ቦታ እንደ ሆነ ጽፏል። እንግዲህ ከዔዛና እስከ ብሩስ ባለው ከ1,400 ዓመት በላይ በሆነ ዘመን፥ ወይን ከጥቂት ቦታና ከጥቂት ቤት አልወጣም። ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያሻም። ማር በየጫካውና በየጓሮው ሳለ፥ ክረምቱ ዘንቦ ፍሬውን በሚያበሰብስበት ደጋ ላይ ስለ ወይን ሐረግ ማን ይደክማል?

ነገር ግን ማር በየጓሮው ስለ ነበረ ጠጅ በየቤቱ ነበረ ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ከዚህ ይጀምራል።

ማር የግብር ዕቃ ነበር። ገበሬው ቀፎውን በዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ በመስከረም አደይ አበባው፥ ቀጥሎም ኑጉ ሲያብብ ንቡ ይሠራል፤ ማሩ በጥቅምትና በኅዳር ይቈረጣል፤ ከዚያም በጉንዶ ተሰፍሮ ወደ ጌታ ቤት ይሄዳል። ለአበጋዙ፥ ለጉልተኛው፥ ለምስለኔው በጉንዶ ማር መገበር በብዙ የአገራችን ክፍል የተለመደ ነበር። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነገሩ ከዚህም አልፎ፥ ጠጅ መጣል የንጉሡ ልዩ መብት እንደ ነበረ በ1830ዎቹ ዓ.ም. አንኮበር የደረሱት የእንግሊዝ መንገደኞች ጽፈዋል። ስለዚህ ንቡን የሚጠብቀው ሰው ጠላ ይጠጣል፤ ንቡን አይቶት የማያውቀው ሰው ጠጁን ይጠጣል። አልቫሬዝ ስለ ወይን የጻፈውና እነዚህ መንገደኞች ስለ ጠጅ የጻፉት በሦስት መቶ ዓመት ቢራራቁም ነገራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ጣዕም ሳይሆን ስለ ፈቃድ ነው።

በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ይህ ሥርዐት በዓይን ይታይ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ እንጦጦ ማርያም በተመረቀች ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ያደረጉት ታላቅ ግብር በታሪከ ነገሥት ተጽፏል። በኋላም ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ባሠሩት አዳራሽ በበዓል ቀን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ይበላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ አስቀድመው በመጋረጃ ተጋርደው ይመገባሉ። መጋረጃው ሲገለጥ ተከታዩ ማዕርግ ይገባል፤ እርሱ ሲነሣ ሌላው፤ በመጨረሻም ወታደሩ። ለመኳንንቱ የጠራው ጠጅ በመስተዋት ብርሌ ይቀዳል፤ ወደ ታች በተወረደ መጠን ጠጁ እየቀጠነ፥ መጠጫውም ወደ ቀንድ ዋንጫ እየተለወጠ ይሄዳል። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ መቅመሱም ስለ ጣዕም ሳይሆን መርዝ እንዳይኖርበት ለመተማመን ነው።

እዚህ ላይ የአውሮፓውን ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ዛሬ «ለዓሣ ነጩ፥ ለሥጋ ቀዩ» እየተባለ የሚነገረው ደንብ ከጥንት የነበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም ቀድሞ በፈረንሳይ ታላላቅ ቤቶች ልዩ ልዩው ምግብ በአንድ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ይደረደር ስለ ነበር፥ ለያንዳንዱ ምግብ የራሱን መጠጥ ማቅረብ አስቸጋሪ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የሩሲያ ሥርዐት የተባለው አቀራረብ ሲስፋፋ፥ ምግቡ አንድ በአንድ በተራ መግባት ጀመረ፤ ከያንዳንዱም ጋራ የሚስማማውን የወይን ጠጅ ማስከተል ተቻለ። በዚያው መቶ ዓመት በእኛ አዳራሽም ተራ ነበረ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእነርሱ ገበታ ሰዉ ተቀምጦ ምግቡ በተራ ይገባል፤ በእኛ ግብር ምግቡ ተቀምጦ ሰዉ በተራ ይገባል። እነርሱ መጠጡን ከምግቡ ጋራ ሲያስማሙ፥ እኛ ከሰውየው ማዕርግ ጋራ እናስማማ ነበር።

ይህ የአዳራሹ ታሪክ ነው። በገበሬው ጎጆና በካህኑ ቤት ያለው ግን ሌላ ነው፤ እርሱንም ለማየት ወደ ጎጃም እንመለስ።

ጎጃም የማር አገር ነው። አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ፥ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ከተማ ሆነች፤ የአዳራሽ ግብርም ከነሥርዐቱ በዚያ ተደረገ። እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ አገሩን የገዙት ልጃቸው ራስ ኃይሉ የግብርን ዓይነት በማብዛት የታወቁ ናቸው። የጎጃም ገበሬ ለጌታ የሚያቀርበው ግብርና መተያያ ምን ያህል እንደ ከበደው ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ፥ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስታውስ፤ በዚያ መጽሐፍ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ስለዚሁ ነገር ነው። የታሪክ መጻሕፍት በቍጥር የሚናገሩትን ልብ ወለዱ በሰው አድርጎ አሳይቶታል።

ከነጻነት በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት ዐዋጆች የመሬት ግብርና ዐሥራት በገንዘብ እንዲከፈል ተወሰነ። ጎጃም ስለ ግብር ጕዳይ ከመንግሥት ጋራ ብዙ ጊዜ ተጋጭቷል፤ የ1960 ዓ.ም. ዐመፅ የታወቀ ነው። በመጨረሻ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነት አፈረሰ። እነዚህ ነገሮች ከበዓል መጠጥ ጋራ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ሰው ቢኖር፥ ጉንዶውን ያስብ። ማሩ በዓይነት መገበሩ ሲቀር ገበሬው ወይ ይሸጠዋል፥ ወይ ይጥለዋል። ከሸጠው በከተማው ጠጅ ቤት ገንዘብ የያዘ ሁሉ ይጠጣዋል፤ ከጣለው ደግሞ በፋሲካ ሌሊት በራሱ መሶብ አጠገብ ጠጅ ይቀዳል። በደብረ ኤልያስ አንድ ገበሬ ለልጆቹና ለጎረቤቱ ጠጅ በብርሌ ማቅረቡ ዛሬ የማያስደንቅ ነገር ሆኗል። አያቱ ግን ያንኑ ማር ቈርጦ ለሰው ቤት የሚሸከም ነበር።

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ፥ በነቢዩ ኤልያስ ስም የተሠየመች፥ በቅኔ ትምህርቷ ከጥንት የታወቀች አገር ናት። ባለቅኔውና የቴአትር ደራሲው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የዚያች አገር ልጅ ናቸው። የካህናት አገር በመሆኗ የበዓል ቀኗ በቀን መቍጠሪያ የጠራ ነው፤ ይህም ለጕዳያችን ይጠቅማል። በስንክሳር የነቢዩ ኤልያስ በዓል አንዱ ታኅሣሥ 1 ቀን፥ ሁለተኛውም ዕርገቱ የሚታሰብበት ጥር 6 ቀን ነው። ታኅሣሥ 1 በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፤ ስለዚህ በዓል ሆኖ ሥጋና ቅቤ የሌለበት በዓል ነው። ጥር 6 ግን ከገና በኋላ ስለሚውል፥ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ፥ ዶሮም በግም ይታረድበታል። አንዱ ነቢይ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ገበታ፥ አንዱን የጾም አንዱን የፍስክ፥ ያስዘረጋል ማለት ነው። መጠጥ ከምግብ ጋራ መስማማት አለመስማማቱን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በየት ይገኛል?

በጾሙ ገበታ የሚቀርበው ሽሮ፥ ምስር፥ የሽምብራ ዓሣ፥ ጎመን፥ የኑግና የተልባ ነገር ነው። ከዚህ ጋራ ጠላ እንጂ ጠጅ አይሄድም። የእህል ወጥ ለአፍ ወፍራምና ደረቅ ነው፤ ቅቤ ስለሌለበት በራሱ አይወርድም። ጠላ ቀጭን፥ በጭስ የተቃኘና በጌሾ መራራነት የተያዘ በመሆኑ አፍን ያጥባል፥ ጥማትንም ይቈርጣል። ኃይሉም ቀላል ነው፤ የአልኮሉ መጠን ከመቶ 2 እስከ 6 ገደማ ስለ ሆነ፥ ከማኅበርተኛ ጋራ ጽዋ ይዞ ረዥም ሰዓት ለመቀመጥ ይመቻል። ጠጅ በዚህ ገበታ ላይ ቢቀርብ ጣፋጩ የሽሮውን ጣዕም ይጋርደዋል፤ ኃይሉም ቅባት ባልቀመሰ ሆድ ላይ ይወድቃል።

የጠላው አሠራር ራሱ ከምግቡ ጋራ ዘመድ ነው። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅሉ፥ ቂጣው ወይም እንኵሮው፥ ተቈልቶ የጠቈረውም ደረቆት ይገባና ድፍድፍ ይሆናል፤ ከዚያ ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። በጎጃም ዳጉሳ በብዛት ስለሚበቅል ለጠላም ለአረቄም ይውላል። እንጀራውና ጠላው ከአንድ ጐተራ የወጡ ስለ ሆኑ ባይጣሉ አያስገርምም።

የፋሲካ ገበታ ሌላ ነው። 55 ቀን ቅቤና ሥጋ ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ሌሊት ይፈሰካል፤ እመቤቲቱም ይህን ስለምታውቅ መጠጡን በጊዜ ከፍላ ታቀርባለች። ከቅዳሴ መልስ በሌሊት፥ ብዙ ቤት አስቀድሞ የተልባ ብጥብጥ ይቀርባል፤ ይህ ለሆድ ማለስለሻ ነው። ቀጥሎ ዶሮ ወጥ ሲወጣ ጠጁ ይቀዳል። ንጋት ላይ በጉ ከታረደ በኋላ ዱለቱና ጥብሱ፥ ቅርጫ ከተገባም ጥሬ ሥጋው ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ጠጁ ከአረቄ ጋራ ይፈራረቃል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት እየገባ ሲወጣ፥ ድፎ ዳቦው ሲቈረስ፥ የሚቀዳው ጠላ ነው። እንግዲህ ወጡ ሁሉ በአንድ መሶብ ላይ ስለሚወጣ ተራ የለንም የሚል ሰው ተሳስቷል። የእኛ ተራ በሰዓት ውስጥ ሳይሆን በቀን ውስጥ ነው፤ በዓሉ ሲረዝምም በሳምንት ውስጥ።

ጠጅ ለዶሮ ወጥ እንደ ተፈጠረ የሚያስመስለው ምንድር ነው? በቀይ ሽንኵርትና በበርበሬ ብዙ ሰዓት የበሰለው ወጥ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያቃጥላል፥ ይቀባል፥ ከሽንኵርቱም የተነሣ ጥቂት ይጣፍጣል። የበርበሬው ማቃጠል ካፕሳይሲን ከሚባል ነገር የመጣ ነው። ይህ ነገር በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ያቃጠለው ሰው ውሃ ቢጠጣ እሳቱን ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። አልኮል ሊያሟሟው ቢችልም ኃይሉ ከበዛ ራሱ ያቃጥላል። ማቃጠሉን የሚያስታግሠው ጣፋጭ ነገር ነው። የማሩ ጣዕም ይህን ያደርጋል። የጌሾው መራራ ደግሞ በምላስ ላይ የተጋደመውን ቅቤ ይጠርጋል። ጠጅ ማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁለተኛው ጕርሻ በኋላ ያሰለች ነበር፤ ብርዝ ከዶሮ ወጥ ጋራ የማይዘለቀው ስለዚህ ነው። መራራ ብቻ ቢሆን ደግሞ ከበርበሬው ጋራ ተባብሮ ምላስን ያሠቃይ ነበር። ጠጅ ጣዪዋ የካፕሳይሲንን ስም አልሰማችም። ሆኖም አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ በጥብጣ፥ ጋኑን በወይራ አጥና፥ የጌሾውን እንጨት በልኩ ጨምራ፥ ብርዱ በጸናበት ደጋ ሳምንቱን አርዝማ የምታገኘው ሚዛን ይህ ነው። ታሪከ ነገሥቶቻችን የግብሩን ብዛትና የሹማምንቱን ስም ሲጽፉ፥ ይህን ሚዛን የጠበቁትን ሴቶች ስም ብዙ ጊዜ አለመጻፋቸው ያሳዝናል።

ስለ ጥሬ ሥጋ ረዥም ነገር የለኝም። ከጥሬ ሥጋ በኋላ አረቄ መጠጣት የተለመደ ነው፤ ምክንያቱ «ሥጋውን ይፈጨዋል» የሚል ነው። የዳጉሳ አረቄ ኃይሉ ከመቶ 40 ገደማ ስለሚደርስ በመለኪያ እንጂ በብርሌ አይጠጣም። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን በሽታ ይገድላል የሚለውን ግን አንባቢ አይመነው፤ ኮሶን የሚያጠፋው አረቄ ሳይሆን የሥጋ ምርመራና እሳት ነው።

በጠጁ ላይ የመጣ አንድ ጕዳት ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ ስኳር በየገበያው መገኘት ጀመረ፤ ከጊዜ ብዛትም ማር ሲወደድ በብዙ ጠጅ ቤት ወደ ጋኑ የሚገባው ስኳር ሆነ። ስኳር ያለ ጥርጥር ይፈላል፥ ያሰክራልም። ነገር ግን የማሩ ሽታና ውፍረት ስለሌለው፥ ጣፋጩ ፈልቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው መራራና እሳት ብቻ ነው፤ ለዶሮ ወጥ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ቢጫ ማቅለሚያ የሚጨምርም አለ። አያቱ ማሩን ለጌታ የሸከመ ሰው፥ እርሱ ነጻ ወጥቶ ገንዘቡን ከፍሎ ሲጠጣ ማር የሌለበት ጠጅ ቢቀዳለት ከዚህ የበለጠ መከዳት የለም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርን፥ አክሱማይትንና ክሪስታልን በየከተማው አስለምዷል፤ ፋብሪካው በደርግ ዘመን የመንግሥት ከሆነ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛውሯል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በዝዋይ ከፈረንሳይ የመጡ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ፥ በ2006 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን ለገበያ አወጣ። ሁለቱም ፋብሪካዎች ወይናቸውን የሚያገኙት ከስምጥ ሸለቆውና ከአዋሽ ዳር ካለው ሞቃት ቈላ ነው፤ ወይን በደጋው ያላገኘውን ፀሐይ በዚያ አግኝቷል። ስለዚህ ዛሬ በበዓል ገበታ ላይ የሚቆመው የወይን ጠጅ እንደ አልቫሬዝ ዘመን የንጉሥና የጳጳስ ብቻ አይደለም፤ እንደ አዱሊስ ዘመንም በመርከብ የመጣ መሆን ግድ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በዓል ነው ብሎ፥ ቀይ ለሥጋ ነው ሲባልም ሰምቶ፥ ደረቁን ቀይ የወይን ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋራ ያቀርባል። እንግዳው አንድ ጊዜ ይጐነጫል፥ ፊቱን ያጠቍራል፥ ለይሉኝታ ያህል ይዞ ይቆይና ጠጅ ይለምናል። እንግዳው አልተሳሳተም። በወይኑ ቅርፊትና ፍሬ ውስጥ ታኒን የሚባል፥ አፍን የሚያደርቅና የሚያኰማትር ነገር አለ፤ ይህ ከበርበሬ ጋራ ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያብሳል። ለዶሮ ወጥ ጠርሙስ ማቅረብ የፈለገ ሰው የጠጁን ጠባይ የያዘውን ይፈልግ፤ ጣፋጩን አክሱማይትን፥ ወይም ከአካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ የሆነውን።

ደረቁ ቀይ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በጥሬ ሥጋና በጥብስ ፊት፥ ሚጥሚጣው ካልበዛ፥ ታኒኑ ከሥጋው ስብና ፕሮቲን ጋራ ስለሚያያዝ ይለዝባል፤ ጉደር ወይም የዝዋዩ ካበርኔ ሶቪኞ በዚህ ጊዜ ከጠጅ ይበልጣል ለማለት እደፍራለሁ። ጠጅ ለጥሬ ሥጋ ትንሽ ይጣፍጣልና። ለበግ አልጫና ለአይብ ነጩ፥ ማለት ክሪስታል ወይም የዝዋዩ ሻርዶኔ፥ ይስማማል፤ ዕርዱ እምብዛም አያቃጥልም፥ የነጩም ኮምጣጣነት ቅቤውን ያቀለዋል። ለሽሮውና ለሽምብራ ዓሣው ግን ከጠላ የሚበልጥ ጠርሙስ እስካሁን አላገኘሁም። ቢራም፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ምንም ያህል ቢስፋፋ፥ ያን ጭስ የለውም።

የወይን ጠጅ ሙቀትን በሚመለከት በውጭ አገር መጻሕፍት «ቀዩ በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ» የሚል ምክር አለ። ይህ የተጻፈው ክፍሉ 16 ወይም 18 ዲግሪ በሆነበት አገር ነው። በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ይህን ምክር የሚከተል ሰው ሙቅ ነገር ይጠጣል። በደብረ ኤልያስ ግን ጠርሙሱን ከጠጁ ጋን አጠገብ በጓዳው ጥግ ማሳደር ይበቃል፤ የደጋው ሌሊት ሥራውን ይሠራል፥ በረዶም አያስፈልግም። ነጩ ትንሽ ጨምሮ ይቀዝቅዝ ዘንድ፥ ከቅዳሴ በፊት ውሃ በተሞላ እንስራ አጠገብ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። መቅጃው ብርሌ ቢሆንም ነውር የለበትም፤ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ ሽታውን ይይዛል፥ ብቻ እስከ አፉ አይሞላ።